በመልአኩ እግር ሥር የነበረው ፊት

ጣሊያን ዲላን በያዘ ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ በቡሌ በኩል ወደ ደጋው ወጥቶ፣ እናቴና እኔ ከእናቴ አጎት ከአለቃ ተሰማ ጋር ቀርተን ነበር። አለቃ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሲመሽ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው፣ ጢሱ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ በግድግዳችን ላይ ስለተሰቀለው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተረት ያወሩልኝ ነበር።

ያኔ ግራ ያጋባኝ ከመልአኩ እግር ሥር ካለው ደመና ውስጥ አንድ ዓይን ብቅ ማለቱ ነበር። ጢሱና የክረምቱ እርጥበት ቀለሙን እያሳሱት ሲሄዱ ዓይኑን ቅንድብ ተከተለው፤ ከዚያም ጢም።

«አለቃ፣ ደመናው ውስጥ ያለው ማነው?» አልኳቸው።

አንድ ምሽት ከገደል የዳነ መንገደኛ ነው አሉኝ፤ በሌላው ምሽት ንስሐ የገባ ሽፍታ አደረጉት። «መንገደኛ ነው ብለውኝ አልነበር?» ስላቸው እናቴ ፊቷን አዞረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጣሊያን ወታደር መሣሪያ ፍለጋ መጣ። ከጓሮ እንሰቱን ሥር ሥሩን ፈተሸ፤ ገብቶ የመደቡን ምንጣፍ ገለባበጠ፤ በመጨረሻ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ጣቱን ደመናው ላይ ሲያሳርፍ እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ወታደሩ ግን ቆቡን አውልቆ አማተበ፤ ያንን ፊት ሳመና ወጣ።

እናቴ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «አባትሽን ሳመው!» አለች፤ ትስቅ ይሁን ታልቅስ አልገባኝም። አለቃ ያን ዕለት ተረቱን ትተው እውነቱን ነገሩኝ፤ ሥዕሉን ያሠራው አባቴ ነበርና፣ ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥሩ እንዲሣል ልማድ ስለሆነ ከመልአኩ እግር ሥር ከነጠመንጃው ሥለውት ነበር። ጠላት ሲመጣ በደመና ሸፈኑት።

ጣሊያን ወጣ። አባቴ አልተመለሰም። እናቴ ብትለምናቸው አለቃ ደመናውን በቢላዋ ጫፍ ቀስ እያሉ ፋቁት። ከሥሩ የወጣው ግን መቁጠሪያ የያዘ ሽማግሌ ነበር፤ ጠመንጃ የለውም።

«የሣልኩበት ሰሌዳ አሮጌ ነው፤ ከአባትሽ በፊት ሌላ ሰው ተሥሎበት ነበር» አሉ አለቃ ቢላዋውን አስቀምጠው። «አባትሽን አብሬ ፋቅሁት መሰለኝ፣ ልጄ።»

«እሱ ነው» አለች እናቴ። «ዱር አስረጅቶት ነው።»

እስክትሞት ድረስ ያንን ፊት ሳትስም ከቤት ወጥታ አታውቅም። እኔም አብሬያት እስም ነበር። አባቴን በሌላ መልክ አላስታውሰውም፤ የሳምኩት እሱን ይሁን የማላውቀውን ሽማግሌ፣ ይኸው አርጅቼም አልለየሁትም።