አባቴን ሙዚየም ውስጥ አገኘሁት

ይህ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን፣ መሐል ሜዳ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት ቢያልፍም ማረሻ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እጮኛዬም አስተማሪ ነበር፤ የመርሐቤቴ ሰው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱ ሊያዩኝ መጡ። አባቴ ቀየት አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ መሆኑን እሱ ያውቃል፣ እናቱ ግን አያውቁም። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል። ማረሻውን ይፈልጉታል እንጂ አብሮት የሚበላ፣ የሚጋባው የለም። «ለእማዬ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» ብሎኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርስ አቅርቤ አበላኋቸው። ከዚያ በቅርቡ የተከፈተውን የብረት ሙዚየም እናሳይዎት ብለን ወሰድናቸው። አንድ አዳራሽ ነው። ብረት የሚወጣበት ድንጋይ፣ ማጭድ፣ ጦር፣ የፈረስ ልጓም በየመስታወቱ ውስጥ ተቀምጧል። ደስ አላቸው። «ወይ የሰው እጅ!» እያሉ እጄን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ይወስዱኛል።

ከአዳራሹ ጀርባ ሰው ተሰብስቧል። አስጎብኚው «አሁን ደግሞ ብረት ሲቀጠቀጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ» አለ። ተጠጋን። ወናፉ አጠገብ የተቀመጠው አባቴ ነበር።

የሙዚየሙ ሰዎች ጠርተው እንዳመጡት አልሰማሁም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እናቲቱን አየ፤ የያዙትን እጄን አየ። ወዲያው ጨርሶ እንደማያውቀኝ ሰው ወደ ፍሙ አቀረቀረ።

እናቲቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። «ተሸፈኚ ልጄ፣ አይቶሻል» አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ። «እነዚህ ሰው ይበላሉ።»

አባቴ ሰምቷል። መቀጥቀጡን ግን አላቋረጠም።

እጮኛዬን አየሁት። ጫማውን ያያል።

«አባቴ ነው» አልኩ።

እጄን ለቀቁና መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ወይኔ! ጠዋት ከእጇ በላሁ!» ብለው ጮኹ። «አንተ፣ ምን አብልታህ ነው? ና ውጣ!» እጮኛዬም ተከትሏቸው ወጣ። ከተሰበሰቡት አንዱ ሳቀ፣ ሌሎችም ተከተሉት። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠራርጎ «ይቀጥሉ፣ አባባ» አለ። አባቴም ቀጠለ።

ሰው ሲበተን አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። የሚመርቀኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተቆጥቷል።

«ምነው ዝም ብትዪ? እኔ እንደሁ ለምጄዋለሁ። ሴትዮዋ እስቲሄዱ ብትችዪው ምን ነበረበት?»

እጮኛዬ ሽማግሌም አልላከ፣ ቃልም አልላከ። ብዙም ሳይቆይ ተዛውሮ ሄደ።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እኔም ሌላ አግብቼ ወልጃለሁ። እጮኛዬ ስለቀረብኝ ዛሬ አላዝንም። በመናገሬም አልጸጸትም። አባቴ ግን ያን ቀን እንዳላወቀ ሆኖ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሲያነሳ ለቅጽበት እንኳ አላመነታም። እሱን ነው እስከ ዛሬ መርሳት ያቃተኝ።