የአቧራዋና የውሃዋ አዳኝ

እኔ አርፌ ተቀምጬ አላውቅም። ታክሲ ስጠብቅ እንኳ እንጎራደዳለሁ። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ አንድ ቦታ እርጊ!» እንዳለች ነው።

ኮተቤ ለመምህርነት ስሠለጥን የመጨረሻው ፈተናዬ ለአንድ ወር የተለማመድኩበት ክፍል ውስጥ ማስተማር ነበር። ገምጋሚዬ አንድ አዛውንት መምህር ናቸው፤ ከጣሉኝ ዓመቱን እደግማለሁ። ርዕሴ ሁለት አዳኝ ነፍሳትን ማወዳደር ነው። ቤተ ሙከራ ስለሌለ ራሴ ፈልጌ ያዝኳቸው። አንዷ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከእንጦጦ ከሚወርደው ወንዝ ያገኘኋት የውሃ ተርብ እጭ ናት። ሌላዋ ካራ ሰፈር፣ ቤታችን ጣሪያ ሥር፣ ዝናብ የማይነካው አቧራ ውስጥ የምትኖር እጭ ናት፤ ጉድጓድ ቆፍራ ከሥሩ ትቀበርና ጉንዳን እስኪንሸራተትላት ትጠብቃለች። አንዷን በውሃ ፕላስቲክ፣ ሌላዋን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዤ ታክሲ ውስጥ ተጋፋሁ።

ክፍል ስገባ የውሃዋ አላሳፈረችኝም። የቢምቢ እጭ ስጥልላት የታችኛውን ከንፈሯን ወርውራ ለቀም አደረገችው። ልጆቹ ጮኹ። እኔም እሷን ነበር የወደድኳት፤ ነገር አታንዛዛም።

የአቧራዋ ግን ታክሲው እያንገጫገጨ ጉድጓዷን ስላፈረሰባት ድርቅ አለች። ቆርቆሮውን መታ መታ አደረግኩት፤ በእስክሪብቶ ነካካኋት። ወይ ፍንክች! አዛውንቱ አንድ ነገር ጻፉ። አለቀልኝ፣ አልኩ በልቤ።

«ለምን የማትቆፍር ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ፊት የምትቀመጠው፣ ስትናገር አንደበቷ የሚይዛት ልጅ እጇን አወጣች።

«ስ… ስለ…»

«ስለፈራች! ጎበዝ!» አልኳትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ወር ሙሉ የማደርገው ይህንኑ ነበር፤ የረዳኋት እየመሰለኝ የጀመረችውን እጨርስላታለሁ።

«የኔ ልጅ፣» አሉኝ አዛውንቱ ከኋላ፣ «ተማሪዋ እኮ አልጨረሰችም።»

ሰዓቴ እያለቀ ነው! ቢሆንም ወደ ልጅቷ ዞሬ ጠበቅኳት። እግሬ መሬት አልይዝ አለኝ።

«ስ… ስለሚነካኳት ነው፣ ቲቸር። ዝ… ዝም ቢሏት ትቆፍራለች።»

እጄን ከቆርቆሮው ላይ አነሳሁ። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው አቧራው ብን አለ፤ መቆፈር ጀመረች።

ፈተናውን አለፍኩ። ያቺ ልጅ ወር ሙሉ እጇን ስታወጣ አይቻታለሁ፤ እስክትጨርስ የሰማኋት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ያም የመጨረሻ ቀኔ ነበር።