የአባቴ ጢም እና ዘንጉ ሳሙና

ባለፈው ሳምንት ከወልድያ መናኸሪያ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ባጃጁ መንገድ ላይ ቆሞ አንድ ሽማግሌ አሳፈረና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ፊታቸው ገና አሁን የተላጨ ነበር፣ ያ የአባቴ ፊት ሽታም ከእሳቸው ጋር አብሮ ገባ። የሎሚ ልጣጭና የታጠበ ሸሚዝ ሽታ ነው፣ ሌላ ስም ላወጣለት አልችልም። እኔም አላስቻለኝም፣ «አባባ፣ በምን ሳሙና ነው የሚላጩት?» አልኳቸው። ሰውዬው ደንግጠው አገጫቸውን ዳሰሱና «ምነው ልጄ፣ ደማ እንዴ?» አሉኝ። ባለ ባጃጁ ሳቀብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከወረድኩ በኋላ ግን ከአንድ አጥር ሥር ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ያደግሁት መርሳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ይመር የሚለው አባቴ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር፤ በጋ በገባ ቁጥር መስኖ ያላቸው ገበሬዎች ከግራናና ከየአካባቢው እየመጡ ይጠሩታል፣ እሱም መፍቻዎቹን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ቁርሱን ቆሞ በልቶ ይሄድ ነበር። እጁ ከግሪስ ተለይቶ አያውቅም፣ ፊቱ ግን ሁልጊዜ የሙሽራ ፊት ነበር። እናቴ «በዚህ ሁሉ ጭቃ መሀል ለማን ነው የምትላጨው?» ብላ ስትነዘንዘው፣ «እጄ የሥራዬ ነው፣ ፊቴ ግን ለሚያየኝ ሰው ነው» ይላት ነበር።

የሚላጭበት ሳሙና እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ድቡልቡል፣ ረዘም ያለ ደረቅ ሳሙና ነበር። ወልድያ ያሉ ባለ ሱቆች ስቲክ ይሉታል፤ እኛ ቤት ግን ስሙ «ዘንጉ» ነበር። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥቶ፣ ትንሿን መስተዋት ከማንጎው ግንድ ላይ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርሶ፣ ዘንጉን ከጆሮው ሥር ጀምሮ እስከ አንገቱ ድረስ እንደ ጠመኔ ያሸው ነበር። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። ከዚያ እርጥብ ብሩሹን አንስቶ ጉንጩ ላይ ሲያዞረው፣ ነጩ አረፋ ከየት መጣ ሳይባል ፊቱን ሁሉ ይሸፍነው ነበር። ኩባያ የለ፣ ሳህን የለ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ከአባቴ የበለጠ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በሳሙና ጉዳይ ደግሞ ሊቅ ነበር፤ ሳይጠይቁት ያስተምራል። «ይቺ ክሬም የምትሏት» ይል ነበር፣ «ስትጨምቃት ሁልጊዜ ከሚበቃህ በላይ ትወጣለች፣ ተመለሺ ብትላት ደግሞ አትመለስ!» በኩባያ ውስጥ የሚመታውን ሳሙና ሞልቃቃ ይለው ነበር፣ ሙቅ ውሃ አምጡ፣ ኩባያ አምጡ፣ ወንበር አምጡ ይላል እያለ። ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ የሚመጣውን አረፋ አንድ ሹፌር ሲያሳየው በጣቱ ነካ አድርጎ «ነፋስ በገንዘብ!» ብሎ መለሰለት። በልብስ ሳሙና የሚላጭ ሰው ሲያይማ ከልቡ ያዝን ነበር። ዘንጉ ግን ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገብቶ ግራና ድረስ አብሮት ይሄዳል፣ ከመስኖ ቦይ ዳር ቁጢጥ ብሎ ፊትን ማርጠብ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ ከነኩት በላይም አያልቅም፤ በጨርቅ አድርቆ ቆርቆሮው ውስጥ ካስቀመጠው ከመስቀል እስከ ፋሲካ ያደርሰዋል። ብክነት የሚባል ነገር ያመው ነበር አባቴን፣ የወደቀች ቡሎን ሳያነሳ አያልፍም።

የመጨረሻዋን ዘንግ የገዛችለት እናቱ ነበረች። አያቴ የግራና ሰው ናት፤ አንድ ቀን ለጉዳይ ወልድያ ሄዳ፣ አንድ ሱቅ ገብታ ባለ ሱቁን ያለውን የጢም ሳሙና ሁሉ አስደርድራ፣ ማንበብ ስለማትችል አንድ በአንድ አሽትታ፣ የልጇን ፊት ሽታ ስታገኝ «ይኸው፣ ይኸ ነው ይመር» ብላ አነሳችው። በመቀነቷ ቋጥራ አምጥታ ስትሰጠው እኔም ነበርኩ። «ይቺን ጨርሳትና ሌላ እገዛልሃለሁ» አለችው፣ እሱ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ እንደ ሕፃን ተሽኮርምሞ ጉልበቷን ሳመ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ሳምንት እንኳ ሳትተኛ፣ አያቴ ሞተች።

በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ እናቱ ስትሞትበት ጢሙን አይነካም፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ራሱን በራሱ አይላጭም። አርባው ወጥቶ ተዝካሩ ሲበላ የሚወዱት ሰዎች መጥተው፣ አስቀምጠው፣ ላጭተው «በቃህ» ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሥራውና ወደ ሰው የሚመለሰው። አባቴም እንደ ወጉ ጢሙን አሳደገ፣ እኛም እንደ ወጉ አርባውን ጠበቅን።

ሰኔ ላይ አርባው ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ጥሩ ነገር ይሁንለት ብለው ክሬም ገዝተው መጡ። አባቴ ቱቦውን አገላብጦ አየና «ይኸ ፊት ያቃጥላል፣ እንደ ዘንጉ አይሆንም» ብሎ መለሰላቸው። ሐምሌ ላይ፣ ሰማንያው ሲሞላ፣ አጎቴ እንድሪስ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። እንድሪስ የእናቴ ወንድም ነው፤ እናቴ የሙስሊም ልጅ ናት፣ አባቴ ክርስቲያን፣ ወሎ ነውና ይኼ ማንንም አይገርምም። የኩባያ ሳሙና ከነኩባያው ይዞ «ወላሂ ይመር፣ በዚህ የሚላጨው ንጉሥ ነው!» አለው። አባቴም «እንግዲያው ለንጉሥ ስጠው» አለ። የዚያን ዕለት ሰው ሳቀ፤ ሲወጡ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሩ ላይ «በሳሙና አመካኘ እንጂ መላጨቱን አልፈለገም» ሲሉ ሰማኋቸው።

ክረምቱ ከበደ። ገበሬዎቹ ለበጋው እንዲደርስላቸው የተበላሸ ፓምፓቸውን በዝናብ ተሸክመው እያመጡ ግቢያችን ውስጥ ይደረድሩ ጀመር፣ አባቴ ለሁሉም «ነገ» ይላቸዋል፣ ነገም አይነካውም ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን የትንሹ ወንድሜ የሞገስ ነገር ነበር። ሞገስ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ያ ጥቁር ጢም ፊቱን ከዋጠው ጀምሮ አባቴ ሊያቅፈው እጁን ሲዘረጋ እየጮኸ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ይገባል፣ «ይኼ አባዬ አይደለም! አባዬን ጥሩልኝ!» ይላል። በመጀመሪያ አባቴ ሊያባብለው ይሞክር ነበር፣ በኋላ ልጁ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ። አንድ ማታ እናቴ ለአጎቴ «እንድሪስ ወንድሜ፣ ሰውዬው እኮ ከእናቱ ጋር ነው የተቀበረው» ስትለው ሰማሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ሊያልቅብን እንደሆነ ገባኝ።

እኔ ታዲያ ማንም የማያውቀውን አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳሙናው ያለቀ መስሏቸዋል እንጂ የጣት ጫፍ የምታህል የዘንጉ ቁራጭ በጨርቅ ተጠቅልላ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮዋ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ልጅ ነኝና የአባቴን ቃል እንዳለ አምኜዋለሁ፤ ያጣው ሳሙናውን ከሆነ፣ ሳሙናው ይኸው! ጳጉሜ ገብቶ፣ ዘመን በሐዘን ጢም አይሻገርም ተብሎ ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚመጡ ሲነገር ቸኮልኩ።

አንድ ጊዜ አጎቴ ወልድያ ፀጉር ቤት ሄዶ ሲላጭ አብሬው ነበርኩ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳሙናውን ኩባያ ውስጥ ከትቶ፣ ሙቅ ውሃ ጨምሮ፣ በብሩሽ ሲመታው አይቻለሁ። ስለዚህ ሰው ራሱን በራሱ ሲላጭ ዘንጉን ፊቱ ላይ ያሸዋል፣ ሌላ ሰው ሲላጨው ግን በኩባያ ይመታል ብዬ ደመደምኩ። ቁራጯን በቢላ ከታትፌ ትልቁ የሻይ ኩባያ ውስጥ ጨመርኳት፣ ከፔርሙሱ ውሃ ቀዳሁባት፣ በአባቴ ብሩሽ ክንዴ እስኪዝል መታሁ። አረፋው ከኩባያው አፍ ተርፎ ክርኔ ድረስ ወረደ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ እንድሪስም ምላጩን ይዞ ሲለምኑት ነበር የገባሁት። «አባዬ፣ ሳሙናው ይኸው። ያንተው ነው» አልኩ።

አባቴ ገና ሳያየው ሽታው ደረሰው። ብድግ ብሎ ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ ባዶ ነው።

«ሁሉንም?» አለኝ።

«ሁሉንም» አልኩት፤ አሁንም የሚያመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ጭኗን መታች። አጎቴ «ያ ረቢ» አለና ምላጩን አጠፈ። አባቴ ባዶውን ቆርቆሮ እንደያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለና «ጨርሳትና ሌላ እገዛልሃለሁ ብላኝ ነበር እኮ» አለ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለትልልቆቹ ሁሉ የገባቸው። በቀብሩ ዕለት እንኳ ድምፁን ያላሰማው ሰው፣ ያ ትልቅ ሰው፣ እንደ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። ማንም ዝም በል አላለውም። እኔ ኩባያውን ይዤ መሀል ቤት ቆሜያለሁ፣ ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ማጥፋቴን አውቄያለሁ፣ አረፋውም በላዩ ላይ ቀዳዳ እያወጣ ይወርድ ጀመር።

አባቴ ቀና ብሎ መጀመሪያ ያየው ኩባያውን ነው። አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ።

«እንድሪስ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ። «አረፋው ሊሞት ነው እኮ። ይኸን ሁሉ ሳሙና ልትደፉት ነው?»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አጎቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ጀመረ፤ የአራት ወር ጢም ነውና መጀመሪያ በመቀስ፣ ከዚያ በምላጭ፣ እየደጋገመ አረፋ እየቀባ። አንዱ ጉንጭ ሲገለጥ ሞገስ ከእናቴ ቀሚስ አንገቱን አወጣ። ሁለተኛው ሲገለጥ ቀስ ብሎ ቀረበና በመዳፉ ነካው። «አባዬ፣ የት ሄደህ ነበር?» አለው፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አባቴ እሱን አቅፎ እኔን አየኝና «አንቺ ሊቅ፣ ዘንግ በኩባያ ይመታል ያለሽ ማነው?» አለኝ። ከአያቴ ሞት ወዲህ የቀለደው የመጀመሪያ ቀልድ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መፍቻዎቹን አውጥቶ ከፓምፖቹ መሀል ተቀመጠ።

አድጌ፣ ወልድያ ሥራ ይዤ፣ አንድ ቀን አባቴን ያን ጊዜ ተቆጥቶኝ እንደነበር ጠየቅኩት። «ተቆጥቼማ ነበር» አለኝ። «ግን ልጄ፣ ለእኔ ብትተዊው እስከ ዛሬም አልጨርሰውም ነበር።»

እሱም አምና አረፈ። ዛሬ ወልድያ ላይ ዘንግ ሳሙና በመብራት ፈልጎም አይገኝ፤ ወንዱ ሁሉ በማሽን ይስተካከላል፣ የሚላጨውም በቆርቆሮ አረፋ ነው። ጢም ማሳደግ ደግሞ ዝነጣ ሆኗል። ያኔ አንድ ሰው ጢሙ ሲረዝም አገር ሙሉ ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ ቀን ቆጥሮም ይመጣ ነበር፤ ሦስቴ ቢመልሱት አራተኛ ይመጣል። ዛሬ የዘነጠውና ያዘነው በአንድ መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ማን ማን እንደሆነ የሚለይ የለም። ሞገስም እዚሁ ከተማ ውስጥ ቢሮ ይሠራል፣ አባታችን ካረፈ ጀምሮ ጢሙ አድጓል፤ ባልደረቦቹ አማረብህ ይሉታል፣ እኔም እንደነሱ ስቀልድበት ከረምኩ።

ከባጃጁ የወረድኩ ዕለት ማታ እራት ሊበላ እኔ ጋ መጣ። «አንተ፣ ይኼን ጢም መቼ ነው የምትላጨው?» አልኩት፣ እየሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰና «ማን መጣልኝና?» አለኝ።

አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲበላ ነበር። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ከቤቴ ሥር ወዳለው ሱቅ ወረድኩ፤ ልጁ የነበረውን የጢም ሳሙናና ምላጭ አወጣልኝ፣ ሳልመርጥ ገዛሁ፣ ተመልሼም ወንበሩን ወደ መብራቱ አስጠጋሁለት።