ምርቃቴን የነፈግሁበት ቀን

የልጅ ልጆቼ ናቸው «እስቲ ያንን የጋራ ቤቱን ነገር ንገሪን» ብለው የያዙኝ። ደብረ ሲና ወርጄ ትልቋ ልጄ ዘንድ ብሰነብት እዚያ ጠየቁኝ፤ ለሚ ተሻግሬ ታናሿ ቤት ብገባ እዚያም ጠየቁኝ። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ወሬው ግን ቀድሞኝ ይደርሳል። ፊደል አልቆጠርኩምና እኔ ላውራ፣ እናንተ ጻፉ። አታሳምሩልኝ፤ እንደ ወጣ ይውጣ።

አንኮበር ተወልጄ አንኮበር ነው ያረጀሁት። ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ ልጆቼ «ዳገቱ ይበቃሻል» አሉና ደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ያለች አንድ ክፍል ቤት በስሜ ገዙልኝ። ቁልፉን ሲሰጡኝ ሳቄ መጣ። አንኮበር በር የምንዘጋው ለጅብ ነው እንጂ ለሰው አልነበረም።

ከሕንፃችን ጀርባ የጋራ ቤት አለ። ፎቅ ላይ በግ አይታረድ፣ ድግስ አይደገስ፤ ደረጃውም ጠባብ ነው፣ የሬሳ ሣጥን አይዞርበትም። ስለዚህ ፎቆቹ ሲሠሩ አንድ ሰፊ ቤት አብሮ ምድር ላይ ተሠርቶ ለሁላችን ተተወ። ክርስትናም ሠርግም እዚያ ነው። ሰው ሲሞትም ታጥቦ የሚገነዘው፣ ለቀስተኛም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የቸገረው ከፍቶ ይገባል።

ሕንፃውን የሚያስተዳድር ኮሚቴ መረጥን። ሰብሳቢው ፈገግታ የማይለየው፣ አፈ ቅቤ ሰው ነበር። ገና መጀመሪያ ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝና፣ «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሕንፃው እናት እርስዎ ነዎት፤ ስብሰባችንን ይመርቁልናል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ። አንኮበር ስንት ሽማግሌ እያለ እኔን ማን መርቂ ይለኛል? ከዚያ ወዲህ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከእሱ ጎን ወንበር ይዘጋጅልኛል፤ ብርድ እንዳይነካኝ ጋቢ ጉልበቴ ላይ ይጣልልኛል።

እንግዲህ በእኛ አገር ምርቃት የነገር መዝጊያ ነው። ሽማግሌ ተነሥቶ ከመረቀ ሰው አሜን ብሎ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ነገር የሚያነሣ ሰው ምርቃቱን እንደ ረገጠ ይቆጠራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሰብሳቢውም ያውቅ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚያው የጋራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ወረቀት አንሥቶ ረጅም ነገር አነበበ፤ ቃሉ የቢሮ ቃል ስለሆነ ግማሹ አልገባኝም። ከኋላ በኩል ጉርምርምታ ሰማሁ። እሱም ቶሎ ብሎ፣ «እንግዲህ ሰዓቱም ሄደ። እማማ፣ ይመርቁን» አለ። ተነሣሁ። እኔ ስመርቅ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች።

«ከክፉ ይሰውራችሁ፤ የወጣው በሰላም ይግባ፤ የታመመውን ይማርልን፤ ደጃችሁ አይዘጋ።»

«አሜን! አሜን!»

ዓይኔን ስገልጥ ሰዉ ነጠላውን እያጣፋ ይነሣል። መውጫው ላይ መዝገብ ተዘርግቶ፣ «የተገኘ ሰው ሁሉ ይፈርም» ተባለ። የሚችሉት ጻፉ፤ እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤቴ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ እየሸመኑ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። አራት ጎረምሶች ራሳቸው ሟቹ በሸመኑት ባና ጠቅልለው፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ እንደ ምንም አወረዷቸው። ገናዦቹ ውኃ አሙቀው ይጠብቃሉ። እኔ በሩን ልክፈት ብዬ ቀድሜ ሄድኩ።

ምስማሩ ባዶ ነው። በሩ ላይ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

በመስኮት አጮልቄ ባይ ጆንያ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የገብስ ጆንያ። 

«ይሄ የማን ነው?»

የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ልጅ እግር ሴት ናት፣ መሬት መሬት እያየች መለሰችልኝ። «ለገብስ ነጋዴ ተከራይቷል እኮ፣ እማማ። ቁልፉ እሱ ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ትናንት ማታ ጆንያውን አራግፎ መንገድ ሄዷል።»

«ማን ፈቅዶ?»

«እርስዎም ነበሩ እኮ። ያን እሑድ የተነበበው እሱ ነው። እርስዎ መረቁት።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ዞር ስል አራቱ ጎረምሶች ሬሳውን እንደ ተሸከሙ ዝናብ ላይ ቆመዋል። ባናው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ጠብ ጠብ ይላል። ሚስታቸው አልጮኸችም። በሩን ብቻ ታያለች። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ሬሳ ከበር ሲመለስ ግን አይቼ አላውቅም። በእኛ አገር እንኳን የራስ ሰው፣ የማያውቁት መንገደኛም ከበር አይመለስም።

«ወደ እኔ ቤት አግቡ» አልኩ።

አልጋዬን አውጥተው ደጅ አቆሙት። ገላቸው እኔ ቤት ታጠበ፤ እኔ ቤት ተገነዙ። ለቀስተኛው ግን የሚገባበት አጥቶ በየግድግዳው ሥር ጃንጥላ ይዞ ቆሞ አለቀሰ። አንዷ ጎረቤታችን አላስቻላትም፤ «ለገብስ መጠለያ አለ፣ ለሰው የለም! ጆንያ አልብሰን ብናመጣቸው ኖሮ ያስገቡን ነበር!» አለች። የሳቀም ነበር፣ ከሳቁ ግን ለቅሶው ባሰ።

በሠልስቱ ማግሥት ጸሐፊዋ መዝገቡን በነጠላዋ ሸፍና ቤቴ መጣች። ሕሊናዋ አላስተኛትም መሰለኝ። አነበበችልኝ። «ነዋሪው ያለ አንዳች ተቃውሞ ተስማምቷል፤ በእናታችንም ምርቃት ጸድቋል» ይላል። ከሥሩ የእኔ አውራ ጣት አለ። ለመገኘቴ ያሳረፍኩት ጣት! ጣቴን ከአሻራው አጠገብ አድርጌ ደጋግሜ አየሁት። አዎ፣ የእኔው ነው። «ደጃችሁ አይዘጋ» ባልኩበት አፌ ደጁን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

ቀጣዩ ስብሰባ ደረሰ፤ የጋራ ቤቱን ጆንያ ስለያዘው ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ። ወንበሬም ጋቢውም ተዘጋጅቷል። ሰዉ ስለ ጋራ ቤቱ ገና አፉን ከመክፈቱ ሰብሳቢው፣ «እሱን ሌላ ቀን እናየዋለን። እማማ፣ ይመርቁን» አለ።

ተነሣሁ። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም።

«አልመርቅም» አልኩ።

 ሰብሳቢው ሳቀ። «እማማ ዛሬ ቀልድ አምሯቸዋል።»

«ልጄ፣ ቀልድ አይደለም። ጆንያው ሳይወጣ አልመርቅም።»

«እና ሳይመረቅ እንበተን?»

«መሄድ ያማረው ይሂድ። እኔ ቆሜያለሁ።»

ማንም አልተነሣም። ሽማግሌ ቆሞ ሳይመርቅ ማን ረግጦ ይወጣል? እሱ ራሱ ብድግ ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲያየው ቆም አለ።

አንድ አዛውንት ከጥግ፣ «ሂድ እንጂ! ማን ያዘህ?» አሉት።

ተመልሶ ተቀመጠ።

ይቀመጡ ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። ከተቀመጥኩ የበቃኝ ይመስላቸዋል ብዬ ነው። ስብሰባው ሳይዘጋ ሲቀር ሰዉ አንድ በአንድ አፉን ከፈተ። ለካ ስንት ነገር ተውጦ ኖሯል! የውኃ ታንከሩ ከተሰነጠቀ ከርሟል፣ የደረጃው መብራት ጠፍቷል፣ የዘበኛው ቤት ሱቅ ሆኗል። እኔ በየስብሰባው ስመርቅበት የኖርኩት ይህን ሁሉ ነው። እየሰማሁ እንደ ገና እደነግጣለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰብሳቢው ስልኩን አውጥቶ ነጋዴውን ጠራ። ጭነት መኪና መጣ። ጎረምሶቹ ጆንያውን ሲያወጡ፣ የመጨረሻው እስኪጫን ድረስ የጋራ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ሲመለስ ያን ጊዜ መረቅሁ፤ አጭር ምርቃት፣ ዓይኔን ገልጬ።

ኮሚቴው ተለወጠ። አዲሶቹም «ይመርቁን» ይሉኛል። እኔ ግን መጀመሪያ «ያልተናገረ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ፊታቸውን አንድ በአንድ ሳላይ አልጀምርም።

ይኸው ዓመታት አለፉ። በቀደም ከለሚ ስመለስ የሟቹ ሚስት ልትጠይቀኝ መጣች። የበግ ፀጉር እየፈተለች አጠገቤ ተቀምጣ ስናወራ፣ ያ እሑድ ተነሣ።

«ምናለ አንድ ሰው እንኳ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ» አልኳት።

እንዝርቷን አቆመች።

«አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ነበር እኮ፣ እማማ።»

«ማን?»

«ባለቤቴ። ወረቀቱ ተነቦ እንዳለቀ ነው ያወጣው። እርስዎ ሲነሡ አወረደው። ቤት ስንገባ ምነው ዝም አልክ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እማማ እየመረቁ እንዴት አፌን እከፍታለሁ› አለኝ።»