ሳትታጠብ የከረመች መኪና

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ዘመን አሶሳ ውስጥ የአንድ ቢሮ ሾፌር ነበርኩ። ቢሮው ወንበር እንኳ አልሞላለትም፤ መኪና ግን አንድ ነበረችው፣ እሷም በእኔ እጅ። በየማለዳው ኮፈኗን ከፍቼ ሞተሯን በናፍጣ እጠርጋለሁ፣ በሳሙና እደግማለሁ። ያን ጊዜ ሾፌር የሚመሰገነው በሞተሩ ንጽሕና ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ አልታማም።

በጋው ሲገባ የሞተሩ ዘይት ይጎድል ጀመር። ባምባሲ ደርሰን ስንመለስ መለኪያውን አውጥቼ ሳየው ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል። የቆመችበትን መሬት ባይ ጠብታ የለም። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ የእሷ ጭስ ንጹሕ ነው። ወደ ውኃው ገብቶ እንደሆን ብዬ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩ፤ ቅባት የሚባል የለም። ከመጋዘን እያወጣሁ መጨመር ብቻ ሆነ ሥራዬ፣ ዘይት ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

በግምገማ ቀን ኃላፊያችን ተነሡ። ከመሃል አገር ተመድበው የመጡ፣ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው።

"መሬት ላይ ያልፈሰሰ፣ በጭስ ያልወጣ ዘይት የት ይሄዳል?" አሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብለው የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበሉኝ። እስከሚቀጥለው ግምገማ ነገሩ ካልተጣራ ከሥራ እንደምሰናበትም ነገሩኝ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። በሰው ፊት ሌባ መባል እንዲህ የሚያንገበግብ አይመስለኝም ነበር።

ንዴቴን ይዤ ከወለጋ መጥቶ ገበያው አጠገብ ጋራዥ ወደከፈተ መካኒክ ወዳጄ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ሳቀብኝ።

"ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር ነው የሠርግ ቤት ሳህን? ቁስሉን በየቀኑ አጥበህ ሐኪሙ ምን ይይ? ተዋት፣ አቧራ ትልበስ።"

መተው ለእኔ ከባድ ነበር። መኪናዋ ቀይ አፈር መስላ በከተማው ስታልፍ ሾፌሮች ጥሩንባ እየነፉ አላገጡብኝ። የቢሮው ዘበኛ፣ ከበርታ ብሔረሰብ የሆኑ ሽማግሌ፣ በየጠዋቱ ባልዲ ይዘው ይመጣሉ፤ "ሾፌር፣ መኪና ዛሬም አልታጠበም? ውኃ አለ እኮ" ይሉኛል።

ኃላፊውን ይዤ ባምባሲ ደርሼ በተመለስኩ ቀን፣ ቢሮው ጓሮ አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ሁሉ አቧራ ለብሷል፣ ደረቅ ነው። ከኋላ በኩል፣ የዘይቱን ግፊት ከሚያሳውቀው ትንሽ ቡልብ ሥር ግን አቧራው ረጥቦ፣ ጠቁሮ፣ ወደ ታች ይወርዳል። ዘይቱ መኪናዋ ቆማ ስታድር አይፈስም፤ ሞተሩ ሲሠራ ግፊቱ ያስወጣዋል፣ ነፋሱ ከሥሯ ይበትነዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኔው ምስክሬን በሳሙና አጥቤ እደፋው ነበር።

"ይዩልኝ" አልኳቸው ኃላፊውን።

ጎንበስ ቢሉ አልታይ አላቸው። ነገሩን ሳይተዉ፣ በሱፍ ኮታቸው መሬት ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከሥር ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲነሡ ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝና "ቡልቡ ይቀየር" አሉ።

ቁጣዬ እንደገና መጣ። ሌባ ያሉኝ በአዳራሽ፣ የሚያነጹኝ በጓሮ። ቢሆንም ልማድ ነውና፣ ቀይ አፈር የለበሰ ጀርባቸውን ላራግፍ እጄን ዘረጋሁ።

"ተወው" አሉኝ። "ሰው ይየውና ይጠይቀኝ።"

በጓሮው በር መግባት ሲችሉ ዞረው በዋናው በር ገቡ። ወዲያው አንዷ ሠራተኛ "ውይ፣ ጌታዬ፣ ጀርባዎ ምን ሆነ?" ስትል ሰማሁ። እሳቸውም ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መለሱላት፦

"ዘይቱን ፍለጋ ገብቼ ነው። ይፈስ ነበር። ሾፌሩን በሐሰት ወንጅዬዋለሁ።"

ባልዲውን ከሽማግሌው ተቀብዬ መኪናዋን ማጠብ ጀመርኩ።