ውሃ ያጠጣሁት ባሌስትራ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለኢማሙም አልነገርኩም። አሁን የምናገረው ግን አንገቴን ደፍቼ አይደለም። የምጸጸትበትንም የማልጸጸትበትንም ሰምታችሁ ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ ከሚሴ ውስጥ በያጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱ ልጆች የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተዘጋባቸው። ከባቲ ገበያ ሲመለስ የተያዘው የእህቴ ልጅ አህመድም እዚያው ነበር። የሚወስዳቸው የጭነት መኪና ሸክሙን የሚችለው የፊት ባሌስትራው ተሰብሮ እኔ ደጅ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ሰይድ አብሮ አደጌ ነው፤ እሱም ታዞ እንጂ ወዶ አልመጣም።

የባሌስትራ ብረት ኩሩ ነው፤ እንደ በር ማጠፊያ በይደው አይጥሉትም። አስቀድመህ በከሰል ታሞቀዋለህ። ከበየድከው በኋላ መልሰህ አግለህ አመድ ውስጥ ትቀብረዋለህ፤ እዚያ ቀስ ብሎ ሲበርድ ውስጡ ይረጋጋል፣ ሸክም ሲመጣበትም ይለመጣል። እንደጋለ ውሃ ካፈሰስክበት ግን ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ድርቅ ያለ ይሆናል። ሲሰበር የተሰበረው ፊቱ እንደ አሞሌ ጨው ያብረቀርቃል። ይህን ያስተማረኝ ቀጥቃጩ አባቴ ነው።

አጃቢው ወታደር «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ጓድ፣ ቶሎ በል» እያለ ቆሞብኝ ነበር። አጣድፈውኝ ነው ብል ማን ይጠይቀኛል? ግን ውሸት ነው። አመዱ አጠገቤ ነበር። ባልዲውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ወታደሩ ቶሎ ስለበረደለት አመሰገነኝ።

ምን አስቤ ነበር? ዳገት ላይ ይሰበራል፣ መኪናው ይቆማል፣ ልጆቹ ይበተናሉ ብዬ። ብረት ግን የት እንደሚሰበር አያማክርም። ሰንበቴ ሳይደርሱ ቁልቁለት ላይ ተሰበረና መኪናው ተገለበጠ። ልጆቹ ተጋጋጡ፤ ክንዱ የተሰበረም ነበር። ብዙዎቹ ወደ ቆላው አመለጡ። አህመድም አመለጠ፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። የሰይድ እግር ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ልጆቹን ስላስመለጥክ ተውበት አድርግ፣ ተጸጸት የሚለኝ ካለ አላደርግም። ያ መኪና ነገ ቢመጣ ነገም ባልዲውን አነሳለሁ። ሰይድን ግን አስቀድሜ በጆሮው እነግረዋለሁ። ያኔ ለምን አልነገርኩትም? ያሳብቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አብሮ አደጌን ጠረጠርኩ። ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

በየዒዱ ሰይድ በምርኩዙ እየተደገፈ ቤቴ ይመጣል። «ያ ሁሴን፣ ፍጥነት አብዝቼ የእህትህን ልጅ ልፈጅብህ ነበር። ለአላህ ብለህ አፉ በለኝ» ይለኛል። እኔም ዓይኑን እያየሁ «አፉ ብያለሁ» እለዋለሁ። እግሩን የቆረጥኩት እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ዘንድ ተገላብጧል፤ የተወጋው የወጋውን አያውቅም፣ የወጋሁት እኔ ግን አንድም ቀን አልረሳሁም።

በመጪው ዒድ ቀድሜው እሱ ደጅ እሄዳለሁ። ባልዲውንም አመዱንም እነግረዋለሁ። አፉ ባይለኝ አልከፋም። እኔ ግን ከእንግዲህ እሱን አፉ አልለውም።