ግማሽ ሹሩባ
አትላስ አካባቢ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ በተዘጋጀ የአሻንጉሊት ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት አሻንጉሊት ሰብሳቢ ካርቶን ስትከፍት የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ አወደኝ። ወዲያው በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ሳሊተ ምሕረት ቤታችን፣ ከእናቴ ቡፌ ፊት ቆምኩ።

አክስቴ ዘሃራ ከጅዳ የላከቻት ባለ ወርቃማ ፀጉር አሻንጉሊት ቡፌው ውስጥ ከነላስቲኳ ተቀምጣለች። እንግዳ ያያታል እንጂ ማንም አይነካትም።

"ይቺ የእህቴ ጉልበት ናት፤ መጫወቻ አይደለችም" ትለኝ ነበር እማዬ። አሻንጉሊት እንዴት ጉልበት እንደምትሆን አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን እማዬ ሱቅ ስትሄድ ላስቲኩን ቀድጄ ሹሩባ እሠራት ጀመር። ግማሽ ላይ ስደርስ መጣችብኝ። ቁንጥጫዬን ስጠብቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ አሻንጉሊቷን ተቀበለችኝ።

"ዘሃራም እኔን እንዲህ ትሠራኝ ነበር" አለችና የቀረውን ጎነጎነችው። እንዴት ያሉ ጣቶች ነበሩ! ከክር የቀጠነውን ፀጉር አንድም ሳታዛንፍ ጨረሰችው።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ሰብሳቢዋ ከቦርሳዬ ያወጣኋትን ያቺኑ አሻንጉሊት አገላብጣ አየቻት።

"ታምራለች! ግን ሹሩባውን ብትፈቺው ይሻላል፤ የሚፈለገው ኦሪጅናሉ ነው" አለችኝ።

"በግራ በኩል ያለው የኔ ሥራ ነው፤ እሱ ቢፈታም ግድ የለኝም" አልኳት። "የቀኙን የሠራችው ግን እናቴ ናት።"